ያላሰርኩት ቃጫ

ጉራ ሳልነዛ ይህን ታሪክ መጀመር አልችልም፤ ታሪኩ ራሱ የተጀመረው በጉራ ነውና ትንሽ ታገሱኝ። ፍቃዱ እባላለሁ። ሥራዬ ክትፎ መክተፍ ነው። ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ ድግስ የደገሰ ሰው ሁሉ ያውቀኛል ብል ብዙም አልዋሸሁም። ወልቂጤ ምግብ ቤት ተቀጥሬ ሰባት ዓመት ከተፍኩ፤ ከዚያ ወደ ትውልድ ከተማዬ ቡታጅራ ተመልሼ የራሴን ትንሽ ቤት ከፈትኩ። ጥር ሲገባ ግን ቤቱን ለባለቤቴ እተውና በየሰርጉ እውላለሁ። እኔ የከተፍኩት ክትፎ ጥርስ አይፈልግም። "ጅማት ካገኛችሁበት ጣባውን አናቴ ላይ ድፉት" እል ነበር፤ እስካሁን የደፋብኝ የለም።

በእኛ አገር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብሮ ይደግሳል፤ ሥጋው ግን ለየብቻ ነው። ክርስቲያን ልጁን ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቶቹ የራሳቸውን ከብት ያቀርባል፤ እነሱም በሥርዓታቸው ያርዱታል። ድስቱ፣ ቢላዋው፣ ጣባው ሁሉ ይለያል። ሙስሊሙም ሲደግስ ለክርስቲያኑ እንዲሁ ያደርጋል። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው፤ በዚህ የሚቀየም ሰው አላየሁም። ስለዚህ እኔም ሁለት መክተፊያና ሁለት ዓይነት ቢላዋ አሉኝ። ጥቁር እጀታ ያለው ለክርስቲያኑ፣ ነጭ እጀታ ያለው ለሙስሊሙ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ አንድም ቀን ተቀላቅሎብኝ አያውቅም ነበር። የምኮራውም ከክትፎው ይልቅ በዚህ ነበር።

ሙስሊሞቹ የእኔን ክትፎ መብላት የጀመሩት ሐጂ ከድር ስለመሰከሩልኝ ነው። ሐጂ የአባቴ የልብ ወዳጅ ነበሩ፤ መስቃን ውስጥ በርበሬ የሚያመርቱ፣ ቃላቸው የሚከበር ሽማግሌ ናቸው። "የፍቃዱ እጅ የታመነ ነው" አሉ፤ በቃ፣ አገሩ ሁሉ አመነኝ። እሳቸው ራሳቸው ግን ከቤታቸው ውጪ ሥጋ አይቀምሱም ነበር። ሰርግ ሲጠሩ ቆጮና አይብ በልተው፣ መርቀው ይነሣሉ። ጠንቃቃ ሰው ናቸው።

ያ እሑድ የጥር ሰርግ ነበር፤ አቶ ሳህሌ የሚባል ገበሬ ልጁን የሚድርበት ቀን፣ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ መስቃን ውስጥ። ለክርስቲያኑ በሬ ታርዷል። ለሙስሊሙ ደግሞ ወይፈን ቀርቦ የሐጂ ልጅ ነስሩ አርዶታል። ነስሩ እኩያዬና ጓደኛዬ ነው፤ አብረን ነው ያደግነው።

ጠዋት ከሁለቱም የክትፎ ሥጋ መርጬ ጅማቱን አጠራሁና ለየብቻ በኮባ ጠቀለልኩት። ጓዳውን የምትመራው አክስቴ ዘነበች ነበረች። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሁለቱን ጥቅልሎች አየት አደረገችና የእንሰት ቃጫ ይዛ መጣች።

"የሙስሊሞቹን በዚህ እሰረው" አለችኝ። "እናቴ እንደዚያ ነበር የምታደርገው። ቋጠሮ ካለው የነሱ ነው፤ ማንም አይሳሳትም።"

"እኔ ሥጋ የማውቀው በእጄ ነው፣ በቋጠሮ አይደለም" አልኳት ድምፄን ከፍ አድርጌ። ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶች እየሰሙኝ ነበራ! "ቃጫሽን በግ እሰሪበት።"

ሴቶቹ ሳቁ። አክስቴ ቃጫውን ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ ሻጥ አደረገችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ቅር እንዳላት አይቻለሁ፤ ግን ሳቁ ጣፍጦኝ ነበር።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ነፋስ ተነሣና የድንኳኑን አንድ ጎን ገለበጠው። ግርግር ሆነ። ሰዉ ያገኘውን እያነሣ ወደ ጓዳ አስገባ፤ ድስት፣ ሰፌድ፣ ሥጋ፣ ሁሉንም። ድንኳኑ ተስተካክሎ ሰው እንደተቀመጠ "የሙስሊሞቹ ክትፎ ይቅረብ፣ እነሱ ይቅደሙ" ተባለ። ወደ ጓዳ ገባሁ። ሁለቱ ጥቅልሎች ቆጡ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ያው ኮባ፣ ያው መጠን።

አንድ አፍታ ቆምኩ። ይህን አልደብቃችሁም፤ ልቤ ተጠራጥሮ ነበር። ነስሩን ልጥራው? አክስቴን ልጠይቃት? ጠዋት የተናገርኩት ግን ያዘኝ። ሴቶቹ እዚያው አሉ። "በእጄ ነው የማውቀው" ያለ ሰው "የትኛው ነው?" ብሎ እንዴት ይጠይቃል? አንዱን አነሣሁት፣ መዘንኩት፣ "ይሄ ነው" አልኩ ጮክ ብዬ።

በነጩ ቢላዋ ከተፍኩ። ቅቤውን፣ ሚጥሚጣውን፣ ኮረሪማውን መጥኜ በየጣባው ሞላሁና ራሴ ይዤ ወጣሁ። ሐጂ ከድር ከወዳጆቻቸው ጋር ተቀምጠዋል። እንደ ልማዳቸው አይብና ቆጮ ቀርቦላቸዋል።

"ማነው የከተፈው?" አሉ።

"እኔ ነኝ ሐጂ።"

ቀና ብለው አዩኝ። "የአባትህ ልጅ ነህ" አሉ። "አርጅቻለሁ፣ ዘንድሮ ልሙት ከርሞ አላውቅም። ያንተን እጅ ሳልቀምስ መሄድ የለብኝም። በል አምጣው።"

አጠገባቸው የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩአቸው። ሐጂ ቢስሚላህ ብለው በቆጮ ጠቅለል አድርገው ጎረሱ። ደግመው ጎረሱ። ከዚያ "አልሐምዱሊላህ! ጎበዝ ነህ ልጄ" አሉ። እኔን በዚያን ሰዓት ማን ይቻለኝ! አባቴ ከመቃብር ተነሥቶ ቢያየኝ ብዬ ተመኘሁ።

ለአክስቴ ልነግራት ወደ ጓዳ ስመለስ ነስሩ በሩ ላይ አገኘኝ።

"ፍቃዱ፣ ለእናቴ ሻኛ አስቀምጬ ነበር" አለኝ። "አንተ ከጠቀለልክ በኋላ ኮባውን ገለጥ አድርጌ የእኛ ጥቅልል ውስጥ ከተትኳት። አገኘሃት አይደል?"

ሻኛ አላገኘሁም። በከተፍኩት ጥቅልል ውስጥ የነበረው ቀይ ሥጋ ብቻ ነው። ነስሩን በሩ ላይ ትቼ ገባሁ፤ ቆጡ ላይ የቀረውን ጥቅልል ኮባውን ገለጥኩት። ነጭ የወይፈን ሻኛ ላዩ ላይ ቁጭ ብላለች።

የሙስሊሞቹ ሥጋ ሳይነካ እዚህ አለ። ሐጂ ከድር ስንት ዓመት ሙሉ ተጠንቅቀው ኖረው፣ ዛሬ እኔን አምነው የቀመሱት የክርስቲያኑን በሬ ነው።

"የለችም እንዴ?" አለ ነስሩ ከውጪ።

እውነቱን መናገር የሚቻልበት ሰዓት ያ ነበር። አፌ ግን ቀደመኝ። "አለች! ለብቻዋ አስቀምጬልህ ነው" አልኩና ሻኛዋን በቁራጭ ኮባ ጠቅልዬ አወጣሁለት። ዓይን ዓይኑን እያየሁ ሰጠሁት።

"አንተ እኮ ምንም አትረሳም!" አለና ትከሻዬን ስሞኝ ሄደ።

ዞር ስል አክስቴ ቆማለች። የተገለጠውን ጥቅልል አየች፤ እኔንም አየች።

"ይሄ የማነው?" አለች ቀስ ብላ።

"የነሱ" አልኩ።

ወዲያው ገባት። አሁን ጉዴ ፈላ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። "አላልኩህም?" ብትለኝ፣ ብትሰድበኝ፣ ቃጫውን ፊቴ ላይ ብትወረውረው ተገቢዬ ነበር። ከመቀነቷ ቃጫውን አወጣች። ኮባውን መልሳ ጠቀለለችው፣ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው፤ ነስሩን ጠርታ "ከናንተ የተረፈ ነው፣ ቤት ይድረስ" ብላ ሰጠችው። ከዚያ በሳህን ምግብ አቅርባ ፊቴ አስቀመጠችው።

"ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስክም። ብላ" አለችኝ። "ከእኔ አፍ አይወጣም። ምን እንደሚሻል አንተ ታውቃለህ።"

በላሁ ብላችሁ ነው? እንባዬ ሳህኑ ላይ ተንጠባጠበ። ለክርስቲያኖቹ ክትፎ ሲጠየቅ "አልቋል፣ ጥብስ ብሉ" አልኩ። ከፍቃዱ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ ስለማያውቅ እንግዳው አጉረመረመ።

በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የንስሐ አባቴን አባ ገብረ ሕይወትን ከዋርካው ሥር አገኘኋቸው። ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ያን ጊዜ ጻድቅ ነኝ ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። ጾም አልገድፍም፣ አሥራት አወጣለሁ፣ ሥጋ አልቀላቅልም። እግዚአብሔርም እንደ እኔ ያለ መራጭ ይመስለኝ ነበር፤ ጅማት ያለበትን የሚጥል፣ ጥሩውን ብቻ የሚያነሣ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስጨርስ "ከባድ ቀኖና ይስጡኝ አባ፤ ስግደቱን ያብዙብኝ፣ ጾሙንም ይጨምሩብኝ" አልኩ።

አባ "ስንት ዓመት ሆነህ እኔ ዘንድ ንስሐ ስትገባ?" አሉኝ።

"አሥር ዓመት ያልፈዋል።"

"ዛሬ ገና መምጣትህ ነው" አሉ። "እስከ ዛሬ የምትነግረኝ ንጹሕ መሆንህን ነበር።"

ቃሉ አጥንቴ ድረስ ገባ።

"አክስትህ ምግብ ስትሰጥህ ለምን አለቀስክ?" አሉኝ ደግሞ።

"ስላልሰደበችኝ።"

"እግዚአብሔርም እንደዚያ ነው። አንተ ቃጫውን የጣልክበት ሰዓት፣ የዋሸህበት ሰዓት፣ ሁሉንም አይቶ ነው ማዕድ ያቀረበልህ። ቸርነቱ ካንተ ደግነት በኋላ የሚመጣ ደመወዝ አይደለም፤ ቀድሞህ የተቀመጠ ነው። ስግደት እሰጥሃለሁ፤ ግን ስግደቱን የፈለግኸው ከሐጂ ከድር ፊት ለመደበቅ ከሆነ አይጠቅምህም።"

"ልንገራቸው እያሉኝ ነው? አባ፣ ስሜ ይጠፋል! የነስሩንስ ፊት በምን ዓይኔ አየዋለሁ?"

"እኔ አላስገድድህም" አሉ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው "እግዚአብሔር ይፍታህ" ብለው ጸለዩልኝ። ሲጨርሱ እንዲህ አሉኝ፦ "ብትሄድ እግዚአብሔር ይቅር እንዲልህ ብለህ አትሂድ። ይቅር ብሎሃል። ይቅር እንደተባለ ሰው ሂድ።"

ከዋርካው ሥር ስነሣ ምን እንደሆንኩ ዛሬም በደንብ መናገር አልችልም። ፍርሃቱ አልጠፋም። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እጄ ተሳስቶ፣ ስሜ ሊጠፋ ደርሶ፣ የምወደድ ሰው መሆኔ ተሰማኝ። ደረቴ ውስጥ ሁልጊዜ ተገትሮ የሚኖር አንድ ነገር ተኛ። ቤቴ ገብቼ ነጭ እጀታ ያላቸውን ቢላዋዎች በጨርቅ ጠቀለልኩና ባጃጅ ያዝኩ። ከአስፋልቱ ወርጄ በእንሰቱ መሃል በእግሬ ስሄድ ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ። አንዱን ጊዜማ ፊቴን አዙሬ ነበር።

ሐጂ ከድር ደጃፋቸው ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ተቀምጠዋል፤ ነስሩና ሦስት ጎረቤቶች አብረዋቸው አሉ። ሁሉም ትናንት ከዚያ ጣባ የበሉ ናቸው።

"ና ልጄ! ገና ለምስጋና ልጠራህ እያሰብኩ ነበር" አሉ ሐጂ። "ዛሬም አፌ ላይ ነው ጣዕሙ።"

"ሐጂ፣ ለብቻዎ ላነጋግርዎ ነበር። ስለ ትናንቱ ነው።"

"ስለ ትናንቱ ከሆነ እነዚህም አብረውኝ ነበሩ። ተናገር።"

ተንበረከክኩ። "ትናንት የበላችሁት ሥጋ የእናንተ አልነበረም" አልኩ። "የክርስቲያኑ ነው። ጥቅልሉን ሳልጠይቅ አነሣሁ። ምልክት እሰርበት ተብዬ በትዕቢት እምቢ ብያለሁ። ካወቅሁ በኋላ ደግሞ ለነስሩ ዋሸሁት።"

ከጎረቤቶቹ አንዱ ብድግ ብሎ፣ ቃል ሳይናገር ጫማውን አድርጎ ሄደ። ነስሩ ፊቱ ተለዋወጠ።

"ሥጋውስ ይሁን፣ ሰው ይሳሳታል" አለ። "ሻኛዋን ስትሰጠኝ ግን ዓይኔን እያየህ ነበር። ትከሻህን እኮ ነው የሳምኩት! ትከሻህን!"

"እውነትህን ነው" አልኩ ብቻ።

ሐጂ የጸሎት መቁጠሪያቸውን ሙስበሃ ቆጥረው ጨረሱ። ከዚያ "ሳናውቅ ለበላነው አላህ መሓሪ ነው" አሉ። "እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። የተረፈው ሥጋ ታስሮ ቤቴ ገብቷል። ሻኛዋም ደርሳለች። ዝም ብትል እስከ ቂያማ ድረስ የሚያውቅብህ አልነበረም። ማን አስገደደህ?"

"ማንም አላስገደደኝም ሐጂ" አልኩ። "ትናንት ስሜ እንዳይጠፋ ፈርቼ ዋሸሁ። ዛሬ ጠዋት ግን አምላኬ ይቅር አለኝ። ይቅር ከተባልኩ በኋላ ተደብቄ መኖር አቃተኝ።"

ጨርቁን ፈትቼ ቢላዋዎቹን ፊታቸው አስቀመጥኩ። "ከእንግዲህ እጄ ለእናንተ የታመነ አይደለም። እነዚህ እርስዎ ጋ ይሁኑ።"

ሐጂ ቢላዋዎቹን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። አልመረቁኝም፣ አልረገሙኝም። "ሂድ ልጄ። በሰላም ግባ" አሉኝ። ነስሩ ቀና ብሎም አላየኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እስኪጠራ ድረስ ግን ጭጋጉ ረጅም ነው። ወሬው በሳምንት ውስጥ ቡታጅራን ዞረ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም የሙስሊም ድግስ አልተጠራሁም። ከክርስቲያኖቹም "ለምን ተናገረ? ዝም አይልም ነበር? ጅል ነው" ያሉኝ አሉ። አክስቴን በዚያው ሳምንት ቤቷ ሄጄ፣ ያን ቀን በሳቁት ሴቶች ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። "ቃጫዬን በግ አሰርኩበት" ብላ አሳቀቻቸው፤ የአሁኑ ሳቅ በእኔ ላይ ነበር፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ባለቤቴ "አሁን ቤት ስትገባ ሰው ሆነህ ነው የምትገባው" አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ ገብቶኛል።

ዓመቱ ዞሮ ጥር ገባ። አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ፤ ሐጂ ከድር ናቸው። "ነስሩን ልድር ነው። ና" አሉና ዘጉት። ለእንግድነት የተጠራሁ መስሎኝ አዲሱን ኮቴን ለብሼ ሄድኩ።

ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሐጂ ከመሃል ተነሡና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጡኝ። ፈታሁት፤ ነጭ እጀታ ያላቸው ቢላዋዎቼ ናቸው። ተሞርደዋል፣ ያብረቀርቃሉ። በሌላ እጃቸው አንድ ክንድ ቃጫ ይዘዋል።

"ስሙኝማ" አሉ ለተሰበሰበው። "ይህ ሰው አምና የማይገባንን ሥጋ ያበላን ሰው ነው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"እንዳበላን ያወቅነው ግን ራሱ መጥቶ ስለነገረን ነው" አሉ ሐጂ። "ከታፊ በአገሩ ሞልቷል። ሲሳሳት መጥቶ የሚነግረኝ እሱ ብቻ ነው። የልጄን ሰርግ የሚከትፈው እሱ ነው፤ የበላም እኔን አምኖ ይብላ።"

ነስሩ በሙሽራ ልብሱ መጣና ከአባቱ እጅ ቃጫውን ተቀብሎ ሰጠኝ። "እሰር" አለኝ። "ሻኛዋን ደግሞ እንዳትረሳ።" ከዚያ ትከሻዬን ሳመኝ። ያን ቀን የከተፍኩት ክትፎ ውስጥ እንባዬ ገብቶበት እንደሆነ አላውቅም፤ ጨው በዛበት ያለ ግን አልነበረም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት እንደ እኔ ጅማት የሌለባችሁ መስሏችሁ የምትኖሩ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እግዚአብሔርን ለብዙ ዓመት በጾምና በጥንቃቄ አገልግዬዋለሁ፤ ያወቅሁት ግን ወድቄ ሳለ ማዕድ ባቀረበልኝ ቀን ነው። ልቤን የለወጠው ቅጣት አይደለም፤ ቅጣትማ ብፈራ ኖሮ እስከ ዛሬ እደበቅ ነበር። የለወጠው ቸርነቱ ነው። መስቃን ድረስ የሄድኩት እኔ ብሆንም የወሰደኝ እሱ ነው።

አመሌ አልለቀቀኝም፣ ዛሬም እኮራለሁ። ቡታጅራ ቤቴ ብትመጡ ግድግዳው ላይ ሁለት ዓይነት ቢላዋ ታያላችሁ፤ በነጩ እጀታ ላይ ቃጫ ታስሯል። እንግዳ ሁሉ "ይሄ ምንድነው?" ይለኛል። ያን ጊዜ ሥራዬን አቁሜ፣ እጄን በሽርጤ ጠርጌ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ እንዴት እንደተሳሳትኩ እነግረዋለሁ።